ክኒኑ ቆላ ሲወርድ

ስለ መተማ ዮሐንስ የሚጻፈው የታወቀ ነው። ድንበር፣ ሰሊጥ፣ ኮንትሮባንድ፣ ስደተኛ፣ የተዘጋ መንገድ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ በገላባት በኩል ሲገባ፣ ከዚያው ዓመት ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የጎንደርን መንገድ ሲዘጋና ሲከፍት ከተማዋ ከዜና አልወጣችም።

በዚህ ሁሉ ወሬ መሀል የማትነሳ አንዲት ሴት አለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ገደማ ነው። ልጆች አሳድጋለች። ሻይ ታፈላለች፣ ወይም ለሰሊጥ አራሚዎች ምግብ ታበስላለች፣ ወይም የራሷን ማሳ ታሠራለች። ሌሊት ላቧ አንሶላውን አርሶት ትነቃለች። ቀን ላይ ያለ ምንም ምክንያት ከደረቷ ተነሥቶ አንገቷንና ፊቷን የሚለበልብ ወላፈን ይመጣባታል። ልቧ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይተዋታል። ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ይመለሳል።

ይህ የማረጥ ግለት ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያርጣሉ። በአሜሪካ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ውጤት ግለቱ በአማካይ ከ7 ዓመት በላይ እንደሚቆይ አሳይቷል። የሰባት ዓመት እንቅልፍ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። መድኃኒት መፈለጓም የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

መድኃኒቱ አለ። ሆርሞን የሌለባቸው ክኒኖች ወጥተዋል፤ በማኅበራዊ ሚዲያም «ከሆርሞን ነጻ» በሚለው ስም ይወደሳሉ። ከሆርሞን ነጻ ማለት ግን ከጉዳት ነጻ ማለት አይደለም። የአንድ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ደግሞ በካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ብቻ ተጽፎ አያልቅም። ክኒኑ የሚዋጥበት አገር አየር፣ የአካባቢው በሽታ፣ ላብራቶሪውና መንገዱ ይጨምሩበታል። ደጋ ላይ ቀላል የሆነው ጉዳት ቆላ ሲወርድ ሊከብድ ይችላል። መተማ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት።

*ሁሉም ትኩሳት ወባ ነው?*

መተማ ውስጥ «አተኮሰኝ፣ አላበኝ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ጥርጣሬው ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። የመተማና የሁመራ ቆላ ከዚህም በላይ የካላዛር አገር ነው። ካላዛር ያተኩሳል፣ ያልባል፣ ያከሳል። ሳንባ ነቀርሳም ሌሊት ያልባል።

ስለዚህ ችግሩ ሁለት አቅጣጫ አለው። በአንድ በኩል የምታርጥ ሴት ግለቷ እንደ ወባ ተቆጥሮ፣ ደሟ ሳይታይ ወይም ታይቶ «ነጻ ነሽ» ከተባለች በኋላም፣ በየወሩ የወባ መድኃኒት ልትውጥ ትችላለች። በሌላ በኩል «የዕድሜ ነው፣ ይለፍሻል» ተብላ እውነተኛ ወባ፣ ካላዛር ወይም ሳንባ ነቀርሳ ሊታለፍባት ይችላል። ሁለቱንም ስሕተት የሚያስቀረው አንድ አጭር ጥያቄና አንድ ምርመራ ነው። ጥያቄው «የወር አበባሽ መቼ ነው የቀረው?» የሚለው ሲሆን ምርመራው ደግሞ የወባ ፈጣን ምርመራ ነው። የማረጥ ግለት የሰውነትን ሙቀት በቴርሞሜትር 39 አያደርስም፣ አያንዘፈዝፍም፣ አያከሳም። እነዚህ ምልክቶች ያሏት ሴት ስለ ማረጥ ከመወራቱ በፊት መመርመር አለባት።

*ከሆርሞን ሽሽት*

ለማረጥ ግለት ከሁሉ የበለጠ የሚሠራው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን እንደሆነ ዛሬም የሚከራከር ባለሙያ የለም። ሰዉ ከሆርሞን የሸሸው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ያኔ በአሜሪካ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ሙከራ ሆርሞኖቹን በጥምረት በሚወስዱት ላይ የጡት ካንሰር፣ የልብ ሕመምና የደም መርጋት መጨመሩን አሳይቶ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። በኋላ የወጡ ትንተናዎች ከ60 ዓመት በታች ላሉና ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤነኛ ሴቶች ፍርሃቱ እንደተጋነነ አሳይተዋል። ያም ሆኖ ሆርሞን የማይፈቀድላቸው ሴቶች አሉ። ከእነሱ ዋነኞቹ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ናቸው።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰር በብዛት የሚታይ ነው። ከሕክምናዎቹ አንዱ ታሞክሲፊን ነው፤ ታሞክሲፊን ደግሞ ራሱ ግለት ያመጣል። ከመተማ ጎንደር ድረስ ተጉዛ ታክማ፣ ለዓመታት የምትውጠውን ክኒን ይዛ ወደ ቆላ የምትመለስ ሴት ሁለት እሳት ይነዳታል። አንዱ የአየሩ ነው፣ ሌላው የመድኃኒቷ። ሆርሞን የሌለበት መድኃኒት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሷ ነው። ተሳስቶ ቢሰጥ ደግሞ ከማንም በላይ የሚጎዳት እሷን ነው።

*አዲሱ ክኒንና ጉበት*

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፌዞሊኔታንት የተባለውን ክኒን ፈቀደ። የገበያ ስሙ ቬኦዛ ነው። አሠራሩ አዲስ ነው። ኤስትሮጅን ሲቀንስ፣ ሙቀትን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል በሃይፖታላመስ ውስጥ ያሉ የነርቭ ሴሎች ከልክ በላይ ይነቃሉ። አንጎል ትንሿን የሙቀት ጭማሪ እንደ ቃጠሎ ቆጥሮ የደም ሥሮችን ይከፍታል፣ ላብ ያፈሳል። ክኒኑ ሴሎቹን የሚያነቃውን መልእክት ይዘጋል።

ይሠራል። ግን የሚሠራበትን መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። በዋነኞቹ ሙከራዎች የገቡት ሴቶች በቀን ቢያንስ 7 መካከለኛ ወይም ከባድ ግለት የነበረባቸው ናቸው። ከ12 ሳምንት በኋላ ክኒኑ ከማስመሰያው ክኒን በልጦ የቀነሰው በቀን ወደ 2.5 ግለት ነው። ጥሩ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። ከተለመዱት የጎንዮሽ ጉዳቶቹ መካከል የሆድ ሕመም፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣትና የጀርባ ሕመም ይገኛሉ። በዝርዝሩ ላይ ግለት ራሱ አለበት።

ዋናው ጉዳይ ጉበት ነው። ክኒኑ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ አንዲት ሴት ለ40 ቀን ገደማ ወስዳው የጉበት ጉዳት ምልክት ታየባት፤ ስታቆም ቀስ በቀስ ተሻላት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የአሜሪካው አስተዳደር ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ማስጠንቀቂያው በሳጥን ታጥሮ በመድኃኒቱ መግለጫ አናት ላይ እንዲሰፍር አደረገ። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም፣ ከደረሰ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ደም የሚታየው ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያ በአንደኛው፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በዘጠነኛው ወር ነው። በጠቅላላው 6 ጊዜ ማለት ነው። የጉበት ሲሮሲስ ወይም ከባድ የኩላሊት ሕመም ላለባት ሴት ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም።

ይህን ይዘን ወደ መተማ እንውረድ። መድኃኒቱ ሲወጣ የተቆረጠለት የአሜሪካ ዋጋ ለአንድ ወር 550 ዶላር ነበር፤ ከአንዲት ነርስ የወር ደመወዝ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ዋጋ የገጠር መድኃኒት ቤት ሊያስመጣው አይችልም። ግን መድኃኒት ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው በመድኃኒት ቤት ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። በሻንጣ ይመጣል። ውጭ ያለች ልጅ ለእናቷ የምትልከው የደም ግፊት መድኃኒት፣ ቫይታሚንና ቅባት ውስጥ ይኼም ሊገባ ይችላል። በፍቅር የተላከ ነው። ችግሩ ክኒኑ ሲላክ ስድስቱ የደም ምርመራዎች አብረው አለመላካቸው ነው።

ምርመራው በአቅራቢያ ባለ ሆስፒታል ይሠራል እንበል። ሪኤጀንት ያለቀ ዕለት ቀጣዩ አማራጭ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለው ጎንደር ነው። መንገዱ በተዘጋበት ወር «የሁለተኛው ወር ምርመራ» የሚባል ነገር አይኖርም።

ምልክቶቹስ? ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የሰውነት ማሳከክ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር ናቸው። በአሜሪካ እነዚህን ያየች ሴት ክኒኑን አቁማ ለሐኪሟ ትደውላለች። ቆላ ላይ ግን ድካሙና ማቅለሽለሹ ወባ ይባላል። ዓይን ቢጫ ሲሆን ደግሞ ስም አለው፤ «የወፍ በሽታ»። ለወፍ በሽታ የሚሰጥ ቅጠል አለ፣ የሚሰጡም አዋቂዎች አሉ። በክኒን የተጎዳ ጉበት ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ሲጨመር፣ ክኒኑም ሳይቆም ሲቀጥል፣ የሚሆነውን መገመት ቀላል ነው። በአገራችን የጉበት ቫይረስ ቢ በስፋት መኖሩን፣ ካላዛርም ጉበት ውስጥ የሚቀመጥ በሽታ መሆኑን ሲጨምሩበት «ከመጀመሩ በፊት ደም ይታይ» የሚለው ትእዛዝ ከአሜሪካ ይልቅ ለመተማ የተጻፈ ይመስላል።

ሲፕሮም አለ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ተቅማጥ ለያዘው ሁሉ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ፀረ ባክቴሪያ ሆኗል። ይህ መድኃኒት ጉበት ፌዞሊኔታንትን የሚያስወግድበትን ኢንዛይም ያግዳል፤ አዲሱ ክኒን በደም ውስጥ ይከማቻል። በመሆኑም መግለጫው ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድን ይከለክላል። ክኒኑ ራሱ ተቅማጥ ሊያመጣ እንደሚችል ልብ ይሏል። ተቅማጡ ሲመጣ የምትገዛው ምንድን ነው? ሲፕሮ።

እ.ኤ.አ. በ2025 ኤሊንዛኔታንት የተባለ ተመሳሳይ ክኒን በብሪታንያና በአሜሪካ ተፈቅዷል። የእሱ የተለመዱ ጉዳቶች ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማዞርና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ናቸው። አዳዲሶቹ መምጣታቸው መልካም ነው። ለቆላው ግን ጥያቄው ያው ነው። ማን ይከታተላል?

*የቆዩት ክኒኖችና ፀሐዩ*

«አዲሱ ውድ ነው፣ የቆየውን ልውሰድ» የምትል ሴት ሌላ ስሌት ይጠብቃታል። ለግለት የሚታዘዙት የቆዩ መድኃኒቶች ለሌላ ሕመም የተሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከላብ፣ ከውኃና ከደም ግፊት ጋር ይነካካሉ። መተማ ውስጥ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እዚያ ላብ ቅንጦት አይደለም፤ ሰውነት ከሞት የሚያመልጥበት መንገድ ነው።

ኦክሲቡቲኒን ለሽንት ፊኛ የተሠራ ነው፣ ግለትንም ይቀንሳል። የሚሠራው ግን በከፊል ላብን በማድረቅ ነው። መግለጫው ራሱ በሞቃት አየር ላብ ስለሚቀንስ ሙቀት ሊመታ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ቢሮ ለምትውል ሴት ይህ የአፍ መድረቅ ነው። ከሰሊጥ ማሳ ለምትውል ሴት ግን የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ቬንላፋክሲን፣ ኤሲታሎፕራምና ፓሮክሴቲን የድብርት መድኃኒቶች ናቸው። በአነስተኛ መጠን የተዘጋጀው ፓሮክሴቲን እ.ኤ.አ. በ2013 ለማረጥ ግለት በአሜሪካ የተፈቀደ የመጀመሪያው ሆርሞን አልባ መድኃኒት ነበር። ያቅለሸልሻሉ፣ አፍ ያደርቃሉ። የሚገርመው ደግሞ ከጉዳቶቻቸው አንዱ ላብ ማብዛት ነው። ቬንላፋክሲን የደም ግፊት ሊጨምር ይችላል። በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ሊቀንሱ ይችላሉ። ቀኑን ሙሉ እያላባት ጨው የምታጣ፣ ንጹሕ ውኃ ብቻ የምትጠጣ ሴት ላይ ይህ ሲደርስ ማዞርና ግራ መጋባት ይመጣል። «ፀሐይ መታት» ተብሎ ይታለፋል።

ጋባፔንቲን ያዞራል፣ ያስተኛል። ክሎኒዲን የደም ግፊት ያወርዳል፤ ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ ደግሞ አጥወልውሎ ይጥላል። በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱ ተመልሶ ይተኮሳል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒት በሚያልቅበት ወረዳ «በድንገት አታቋርጪ» የሚለው ምክር የማን ኃላፊነት ነው? የአሜሪካው የማረጥ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ክሎኒዲንን ለግለት አይመክርም።

ከወባው ጋር ያለው ነገር ከሁሉ ያነሰ የተወራበት ነው። ለቪቫክስ ወባ የሚሰጠው ፕሪማኪን ሥራ ላይ የሚውለው ጉበት ውስጥ ባለ አንድ ኢንዛይም አማካይነት ነው። ታሞክሲፊንም በዋናነት የሚጠቀመው ይህንኑ ኢንዛይም ነው። ፓሮክሴቲንና ፍሉኦክሴቲን ኢንዛይሙን በኃይል ያግዳሉ። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ለግለቷ ፓሮክሴቲን የምትወስድ የጡት ካንሰር ታማሚ የካንሰር መድኃኒቷ አቅም ሊያጣ ይችላል፤ የቪቫክስ ታማሚዋም ወባዋ ተመልሶ ሊነሣባት ይችላል። ኤሲታሎፕራም ደግሞ ከኮአርተም ጋር ሲደራረብ ሁለቱም የልብን ምት ሊያዛቡ ስለሚችሉ ጥንቃቄ ያሻል። እነዚህ መድኃኒቶች በዋናነት የተፈተሹት ወባ በሌለባቸው አገሮች ነው። የመተማ ሴት ግን ወባ የሚይዛት በክረምቱ ማግሥት፣ በየዓመቱ ነው።

*«ታዲያ ትቻለው?»*

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፣ ተገቢም ነው። «ሴቶች ስለ ማረጥ መናገር ገና በጀመሩበት ሰዓት ማስፈራራት ምን ይባላል? እናቶቻችን ችለውታል፣ እናንተም ቻሉት ከማለት በምን ይለያል?»

በብዙ ይለያል። ቻዪው ማለት ሕመሟን መካድ ነው። ያለ ክትትል ዋጪው ማለት ደግሞ ጉዳቷን መካድ ነው። የሁለቱም ውጤት ሴትዮዋን ብቻዋን መተው ነው። ደግሞ አለመታከምም የራሱ ጉዳት አለው። እንቅልፍ ያጣች ሴት ሥራዋ ይበላሻል፣ ትዳሯ ይሻክራል። ሌሊት ግለት ሲነሣባት አጎበሩን ገፍታ የምትተኛ ከሆነ ደግሞ ለወባ ትንኝ ትጋለጣለች። ስለዚህ ጥያቄው ክኒን ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም። ክኒኑ ምን ይዞ ይምጣ የሚል ነው።

መጀመሪያ፣ በጤና ጣቢያው። ከ45 ዓመት በላይ ሆና በግለትና በላብ የመጣችን እናት ስለ ወር አበባዋ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ16 ፓኬጆቹ የእናቶችን፣ የሕፃናትን፣ የወጣቶችንና የቤተሰብ ምጣኔን ጉዳይ ደጃፍ ድረስ አድርሷል። ማረጥ ግን በፓኬጆቹ ርእስ ውስጥ አልነበረም። ሴት ልጅ መውለድ ስታቆም ከጤና ሥርዓቱ ዓይን መጥፋቷ ይቁም። ጤና ሚኒስቴር ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንድ ገጽ መመሪያ ቢጨምር አዲስ ሕንጻ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ በመድኃኒት ቤቱ። ለግለት መድኃኒት የሚሰጥ ሁሉ አምስት ነገር ይጠይቅ። ጉበትሽን ታመሽ ታውቂያለሽ? የካንሰር መድኃኒት ትወስጃለሽ? የግፊት መድኃኒትስ? በቅርቡ ለወባ ታክመሻል? ፀሐይ ላይ ትውያለሽ? የመጨረሻው ጥያቄ በየትኛውም የውጭ መመሪያ አናት ላይ የለም፤ መተማ ላይ ግን መቅደም አለበት።

ሦስተኛ፣ ሻንጣ ለሚልኩ ልጆች። ለእናት ክኒን ከመላክ በፊት የደም ምርመራ ገንዘብ መላክ ይቀድማል። የጉበት ውጤቷ ሳይታወቅ ፌዞሊኔታንት መላክ ፍሬን የሌለው መኪና እንደ መላክ ነው።

አራተኛ፣ ከክኒን በፊት ያለው። ያው የ2023 መመሪያ የአስተሳሰብና የባሕርይ ምክክር ሕክምናንና ክብደት መቀነስን ከሚሠሩት መካከል ያስቀምጣል። ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ፣ በቂ ውኃ፣ በሙቀቱ ወራት ደጅ በሚወጣው አልጋ ላይ አጎበር መዘርጋት፣ ግለት ከሚያባብስ አልኮልና ሚጥሚጣ መቆጠብ ማንንም አይጎዱም። ብዙ ሴቶችን ደግሞ ከሁሉ የሚያቀልላቸው «ይህ ማረጥ ነው፣ ሌላ አይደለም» የሚለውን ከባለሙያ አፍ መስማት ነው።

አምስተኛ፣ ጉዳት ሲደርስ መናገር። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽና ነጻ የስልክ መስመር 8482 አለው። አንድም የመተማ ሴት በዚህ መዝገብ ካልገባች፣ በወረቀት ላይ የመተማ ሴት በመድኃኒት ተጎድታ አታውቅም ማለት ነው። የቆላ ሕመምን ለብዙ ዓመት ያጠናው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ጥናቱን ከካላዛር አልፎ ወደዚህ ቢያሰፋ ከማንም በፊት የሚጠቅመው ለገዛ ጎረቤቱ ነው።

ሆርሞን አልባ መድኃኒት ለሚያስፈልጋት ሴት ትልቅ እፎይታ ነው። እፎይታ የሚሆነው ግን ምርመራው፣ ጥያቄውና ተከታታዩ አብረውት ሲመጡ ነው። እነሱ መንገድ ላይ ከቀሩ ወረቀቱ ላይ «አልፎ አልፎ» ተብሎ የተጻፈው ጉዳት መተማ ላይ ዘወትር ሊሆን ይችላል። ሲሆንም ስሙ የጎንዮሽ ጉዳት አይባልም። ወባ ይባላል፣ የወፍ በሽታ ይባላል፣ ፀሐይ መታት ይባላል።